ለአዲስ ስልክ ከቨር እንዴት ይመረጣል? በደሴና በኮምቦልቻ ለሚገዙ የተዘጋጀ መመሪያ

«አዲስ ስልክ ገዝቻለሁ፤ ምን ዓይነት ከቨር ልግዛለት?» የሚል ጥያቄ ከደሴም ከኮምቦልቻም በየጊዜው ይደርሰናል። ብዙ ጊዜ ጠያቂው የሚጠብቀው የአንድ ከቨር ስም እንዲነገረው ነው። ስም ይዞ መሄድ ግን ብዙም አይጠቅምም፤ በአንድ ስም የሚሸጡ ሁለት ከቨሮች የጠርዛቸው ቁመትና የማዕዘናቸው ውፍረት ሊለያይ ይችላል። ስለዚህ ሱቁ ውስጥ ቆመው፣ ስልኩን በእጅዎ ይዘው፣ ከመክፈልዎ በፊት ከቨሩን እንዴት እንደሚፈትኑት እናሳያለን። ፈተናው ሁሉ ተደምሮ ከሩብ ሰዓት ብዙም አይበልጥም።

ዋናው ነገር ይህ ነው፦ ስልክን ከስብራት የሚያድኑት የከቨሩ ጠርዝና አራቱ ማዕዘኖች ናቸው። ጀርባው ከጭረት ይከላከላል፣ ያ ነው ሥራው። ገዢው ግን መደርደሪያው ላይ የሚታየው ጀርባው ስለሆነ በጀርባው ቀለምና ሥዕል ይመርጣል፤ ጠርዙን የሚያየው ስክሪኑ ከተሰነጠቀ በኋላ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

– ስልኩ ራሱ፣ በቂ ቻርጅ ያለው
– የስልኩ ሙሉ ስምና የሞዴል ቁጥር፣ ተጽፎ ወይም ስክሪንሾት ተነስቶ
– አንድ የፎቶ ኮፒ ወረቀት (ተራው ባለ 80 ግራም ኤ4)፤ አንዱ ወረቀት 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ስላለው ለልኬት ያገለግላል
– ቀጥ ያለ፣ የማይጎብጥ የተማሪ ማስመሪያ፣ 15 ሴንቲ ሜትር ይበቃል
– ሁልጊዜ የሚጠቀሙበት የቻርጀር ገመድ፣ ባለገመድ ኢርፎን ካለዎት እሱም
– የመነጽር መጥረጊያ ዓይነት ለስላሳ ጨርቅ

ቴምፐርድ ግላስ ለማስለጠፍ ካሰቡ አስቀድመው አስለጥፈው ይምጡ፤ ምክንያቱን 4ኛው ላይ ያገኙታል።

1. የስልኩን ሙሉ ሞዴል ጽፈው ይያዙ

«ሳምሰንግ ነው»፣ «ቴክኖ ስፓርክ ነው» ብሎ ሱቅ መግባት አይበቃም። በአንድ ስም ስር ተራው፣ ፕሮው፣ ፕላሱ፣ 4ጂውና 5ጂው ይደረደራሉ፤ ስማቸው ቢቀራረብም የካሜራቸው ቦታና የጎን ቁልፎቻቸው ላይገጥሙ ይችላሉ። ሴቲንግ ከፍተው «አባውት ፎን» የሚለው ውስጥ ይግቡ። አይፎን ከሆነ ሴቲንግ፣ ቀጥሎ ጀነራል፣ ቀጥሎ አባውት ነው። የስልኩን ስምም የሞዴል ቁጥሩንም ይያዙ።

ይህን ያህል የምንጨነቀው ለምንድን ነው? አይፎንን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። የ12 እና የ12 ፕሮ አካል እኩል ስለሆነ ከቨራቸው ይለዋወጣል። የ13 እና የ13 ፕሮ ግን አይለዋወጥም፤ የፕሮው ካሜራ ሰፋ ይላል። ኤክስአር እና 11 በቁመትም በወርድም እኩል ናቸው፤ ሆኖም አንዱ ባለ አንድ ካሜራ፣ ሌላው ባለ ሁለት ስለሆነ የአንዱ ከቨር ለሌላው አይሆንም። ስለዚህ ባለሱቁ «መጠኑ አንድ ነው፣ ይሆናል» ቢልዎ ግማሹን እውነት ነግሮዎታል። ቀሪውን የሚያረጋግጡት እርስዎ ነዎት።

2. ስልኩ የት እንደሚውል ያስቡ

ደሴ ዳገትና ቁልቁለት የበዛባት ከተማ ናት። ከሸዋ በር ወደ ፒያሳ በእግር እየሄዱ፣ ከባጃጅ ሲወርዱ፣ ሰኞ ገበያ ላይ ዕቃ ተሸክመው ስልክ ሲያነሱ ከእጅ ያመለጠ ስልክ የሚያርፈው ኮብልስቶን ወይም ድንጋይ ላይ ነው። ኮብልስቶን ከሊሾ ወለል የሚለየው ወጣ ገባ በመሆኑ ነው። ሊሾ ላይ ስልኩ በፊቱ ቢወድቅ የከቨሩ ጠርዝ መሬቱን ቀድሞ ይነካና ስክሪኑ ከመሬት ርቆ ይቀራል። ኮብልስቶን ላይ ግን የድንጋዩ ጉብታ በጠርዞቹ መካከል ገብቶ ስክሪኑን በቀጥታ ሊመታው ይችላል፤ የትኛውም ክፍት ከቨር ይህን አይከለክልም። በእግር ብዙ ለሚሄድ ሰው ጥሩ ከቨርና ግላስ የግድ አብረው ያስፈልጋሉ የምንለው ለዚህ ነው።

ኮምቦልቻ ውስጥ በኢንዱስትሪ ፓርኩ ወይም በጨርቃ ጨርቅ ሥራ ላይ ለሚውሉ ዋናው ጠላት ብናኝና የጥጥ ብናሽ ነው። ብናሹ የስፒከርና የማይክ ቀዳዳ ላይ ይከማቻል፣ ከቨሩና ስልኩ መካከልም ይገባል። ለእነዚህ ሰዎች በቀላሉ የሚወልቅና በውኃ የሚታጠብ ከቨር ይሻላል። ብናሽ የሚስበው ሲሊኮንና በጨርቅ የተለበጠው የሚታጠፍ ከቨር አይመቻቸውም።

ሾፌሮች ደግሞ ስልካቸው ማቆሚያ ላይ ይውላል። የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርዱ መንገዱ ጠመዝማዛ ስለሆነ ከባድና ወፍራም ከቨር ያለበሱት ስልክ ከማቆሚያው ሊንሸራተት ይችላል። ማቆሚያውን ይዘው ወደ ሱቅ ይሂዱና ከነከቨሩ ያስገቡት። እጁ ዘይት፣ ውኃ ወይም ዱቄት የሚነካ ነጋዴ ጎኑ ሻካራ ወይም የተሸነተረ ከቨር ይፈልግ። ቢሮ ለሚውል ስልክ ቀጭኑም ይበቃል።

3. ቁሱን ይለዩ

ለአብዛኛው ሰው የምንመክረው ቲፒዩ ከሚባለው ለስላሳ ፕላስቲክ የተሠራውን ነው፤ ሱቅ ውስጥ «ላስቲክ ከቨር» ቢሉ የሚያወጡልዎት አብዛኛውን ጊዜ እሱን ነው። ለመለየት ጥጉን ይዘው ጠምዘዝ ያድርጉት። ታጥፎ ወዲያው ወደ ቅርጹ ከተመለሰ ቲፒዩ ነው። ሲወድቅ የመታውን ኃይል በመጠኑ እየተጨመቀ ይውጠዋል። ድክመቱ ሁለት ነው። ውስጡን የሚያሳየው ዓይነት በፀሐይ፣ በሙቀትና በእጅ ወዝ ቢጫ ይሆናል፤ ያ ቢጫ የቁሱ ለውጥ ስለሆነ በሳሙና አይለቅም። በጣም ቀጭኑ ደግሞ ቶሎ ይላላል። ቢጫ መሆኑ ብቻ ጥበቃውን አይቀንሰውም፤ መላላቱ ግን ይቀንሰዋል።

ደረቅ ፕላስቲክ (ፖሊካርቦኔት) ጭረትን ይችላል፣ ቅርጹንም አይለቅም። ነገር ግን ስለማይጨመቅ ምቱን ወደ ስልኩ ያስተላልፈዋል፤ ማዕዘኑ ላይም ይሰነጠቃል፤ እጅ ላይም ያንሸራትታል። ብቻውን ከሆነ ለጌጥ እንጂ ለጥበቃ አይግዙት። ጀርባው ደረቅ፣ ዙሪያው ለስላሳ የሆነው ድብልቅ ግን ከሁሉም ጠንካራው ነው። ሁለቱ ቁሶች የሚጋጠሙበትን መስመር በጥፍርዎ ይፈትሹት፤ አሁን የሚነቃነቅ ከሆነ ነገ ይላቀቃል።

ሲሊኮን እጅ ላይ ይይዛል፣ ሲዳሰስ ደስ ይላል። ከጠባብ ሱሪ ኪስ ሲያወጡት ግን ጨርቁን እየጎተተ ይወጣል፣ ጠርዙም ከጊዜ በኋላ ይለጠጣል። የሚታጠፈው (ፍሊፕ) ስክሪኑን ስለሚሸፍን ኮብልስቶን ላይ ጥሩ ጥቅም አለው፣ የሚጠቅመው ግን ሲወድቅ ተዘግቶ ከቆየ ነው። ስለዚህ ማግኔቱ ወይም መቆለፊያው ጠንካራ መሆኑን ይፈትሹ፦ ስልኩን ገልብጠው ቀስ ብለው ሲያራግፉት መከፈት የለበትም። የብረት ከቨር አይግዙ። የስልኩ አንቴናዎች ዙሪያውን ጠርዙ አካባቢ ስለሚገኙ ብረት ኔትወርኩን ያዳክመዋል፤ ስልኩ ደካማ ኔትወርክ ሲያገኝ የበለጠ ኃይል ስለሚጠቀም ባትሪውም ቶሎ ያልቃል።

ከየትኛውም ዓይነት ከቨሩን ጠጋ ብለው ያሽቱት። ኃይለኛ የኬሚካል ሽታ ያለው፣ ሲነኩት የሚጣበቅ ከሆነ ይመልሱት።

4. ግላሱን አስቀድመው ያስለጥፉ

ግላስ ስክሪኑ ላይ 0.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ይጨምራል። ከቨሩን ያለ ግላስ ለክተው ገዝተው ግላሱን በኋላ ካስለጠፉ የጠርዙ ትርፍ ቁመት በዚያው ልክ ይቀንሳል። ሌላም ችግር አለ፦ እስከ ስክሪኑ ዳር ድረስ የሚደርስ ግላስ ከከቨሩ ጠርዝ ጋር ይጋፋል። ከቨሩ ሲገባ ግላሱን ከዳር እየገፋ ያነሳዋል፣ አየር ይገባበታል፣ ከዚያ አቧራ ይከተላል። ሰው «ግላሱ አይረባም» ይላል፤ ጥፋቱ ግን የሁለቱ አለመጣጣም ነው። ከቨሩን ካለበሱ በኋላ የግላሱን ዳር ዙሪያውን በመብራት ይዩት። አንጸባራቂ ቀጭን መስመር ካዩ ግላሱ ተነስቷል ማለት ነው፤ ከዳር ትንሽ የሚያንስ ግላስ ወይም ሌላ ከቨር ይምረጡ።

5. ከቨሩን አልብሰው ልክነቱን ይፈትኑ

ስልኩንም የከቨሩን ውስጥም ይጥረጉ። በመጀመሪያ የካሜራውን በኩል ያስገቡ፣ ከዚያ ተቃራኒውን ጥግ ይጫኑ። ለስላሳው ከቨር ያለ ብዙ ጉልበት መግባት አለበት። አሁን ሦስት ነገር ይዩ።

ሀ) የረጃጅሞቹን ጎኖች መሐል በአውራ ጣትዎ ወደ ውጭ ገፋ ያድርጉ። ብዙ ርካሽ ከቨር ማዕዘኑ ላይ ጠብቆ መሐሉ ላይ ይላላል። ጠርዙ ከስልኩ ተላቆ የሚወጣ ከሆነ ስልኩ ሲወድቅ ተንሸራትቶ ከከቨሩ ይወጣል።

ለ) ስልኩን ከነከቨሩ ጆሮዎ አጠገብ አድርገው በቀስታ ያነቃንቁት። የመንኳኳት ድምፅ ካለ ክፍተት አለ። ክፍተት ካለ ደግሞ አሸዋ ይገባል፣ አሸዋውም የስልኩን ጀርባ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል።

ሐ) የካሜራው ቀዳዳ ሌንሱን፣ ፍላሹንና አጠገባቸው ያለችውን ትንሽ የማይክ ቀዳዳ (ካለች) ሙሉ ለሙሉ መክፈት አለበት።

6. የጠርዙን ቁመት በወረቀት ይለኩ

ከሁሉም እርምጃ አንዱን ብቻ የሚሠሩ ከሆነ ይህን ይሥሩ። ጠርዙ ከስክሪኑ ምን ያህል ከፍ እንደሚል በዓይን መገመት አይቻልም፤ ሁሉም ከፍ ያለ ይመስላል። በወረቀትና በማስመሪያ ግን በትክክል ይታወቃል።

ከወረቀቱ ሁለት ጣት የሚሰፋ ሰቅ ቀደው ያውጡ። ሰቁን ሁለት ጊዜ ቢያጥፉት 4 ድርብ ይሆናል፤ ይህ 0.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ሦስት ጊዜ ቢያጥፉት 8 ድርብ፣ 0.8 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። እጥፋቱን በጥፍርዎ በደንብ ይጫኑት፣ ካልተጫነ ወፍሮ ያሳስትዎታል።

ስልኩን በጀርባው አስተኝተው ስክሪኑን ይጥረጉ። ግላስ ከተለጠፈበት 4 ድርቡን፣ ግላስ ገና ካልተለጠፈበት 8 ድርቡን ስክሪኑ መሐል ላይ ያስቀምጡ። ማስመሪያውን በቀጭን ጎኑ ከግራ ጠርዝ ወደ ቀኝ ጠርዝ፣ በወረቀቱ ላይ አቋርጦ እንዲያልፍ ያኑሩት፤ አይጫኑት። ማስመሪያው ሁለቱንም ጠርዞች ከነካ ጠርዙ ይበቃል። ወረቀቱ ላይ ተቀምጦ ወዲያና ወዲህ የሚል ከሆነ ጠርዙ አጭር ነው፤ ከቨሩን ይመልሱ። ይህንኑ ላይኛው ጫፍና ታችኛው ጫፍ አጠገብም ይድገሙት፣ ጠርዙ በሁሉም ቦታ እኩል ላይሆን ይችላል።

ያለ ግላስ ሲለካ 8 ድርብ የሆነው የሚለጠፈው ግላስ ሦስት ወረቀት ያህል ስለሚወስድ ነው። ከዚያ በኋላ የሚተርፈው ቁመት ግማሽ ሚሊ ሜትር አካባቢ ሊሆን ይገባል። ከዚያ ካነሰ ሊሾ ላይ እንኳ አንዲት ጠጠር ስክሪኑን ትነካለች።

ለካሜራውም እንደዚሁ ያድርጉ። ስልኩን ገልብጠው 4 ድርቡን ሌንሶቹ ላይ ቀስ ብለው ያኑሩና ማስመሪያውን በካሜራው ዙሪያ ባለው ከፍታ ላይ ያስተኙ። ብዙ አዳዲስ ስልኮች ካሜራቸው ወጣ ያለ ስለሆነ ከቨራቸው እዚያ ላይ ቀለበት ያስፈልገዋል። ጀርባው ልሙጥ ሆኖ የካሜራው ቦታ ብቻ የተቆረጠ ከቨር አብዛኛውን ጊዜ ይህን ፈተና አያልፍም፤ ስልኩ ጠረጴዛ ላይ በተቀመጠ ቁጥር የሚነካው የካሜራው መስታወት ይሆናል።

7. አራቱን ማዕዘኖች ይመርምሩ

ስልክ ሲወድቅ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚመታው ጥጉ ነው። ጥግ ትንሽ ቦታ ስለሆነ ኃይሉ ሁሉ እዚያ ላይ ይከማቻል፣ ከዚያ ወደ ስክሪኑ መስታወት ይሄዳል። ስለዚህ ማዕዘኑ ከጎኑ ይልቅ ወፈር ማለት አለበት። ከቨሩን አውልቀው ጎኑንና ማዕዘኑን በሁለት ጣት ይዳስሱ፤ ልዩነቱ በእጅ የሚሰማ መሆን አለበት። በደንብ የተሠራው ከውስጥ በኩል ማዕዘኑ ላይ ትንሽ ጎድጓዳ ወይም የአየር ኪስ አለው። የአየር ኪሱ ጥቅም ማዕዘኑ ሲመታ ወደ ውስጥ እንዲጨመቅ ቦታ መስጠት ነው፣ ያ መጨመቅ ምቱን ያለዝበዋል። አንዳንዱ ከውጭ ጉብ ብሎ ከውስጥ ግን ድፍን ነው፤ ቅርጹን ገልብጠው ካላዩ አይታወቅም።

8. ቁልፎቹን፣ ቀዳዳዎቹንና ማይኩን ይሞክሩ

የድምፅና የማብሪያ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ይጫኑ። ለስላሳና «ጠቅ» የሚሉ መሆን አለባቸው። በጣም የሚጠጥር ቁልፍ ውሎ አድሮ የስልኩን ቁልፍ ያስቸግራል፤ ሳይነካ የሚጫነው ደግሞ ስልኩ ኪስ ውስጥ ራሱ እንዲበራ ያደርገዋል። የጣት አሻራ ማንበቢያው ጎን ላይ ያለ ስልክ ከሆነ እዚያ ቦታ ከቨሩ ክፍት መሆን አለበት፤ ከተሸፈነ አሻራ አያነብም።

ለማይኩ የድምፅ መቅጃውን ከፍተው ከነከቨሩ 10 ሰከንድ ያውሩ፣ ከቨሩን አውልቀው ይድገሙት፣ ሁለቱን ያዳምጡ። ከነከቨሩ የተቀዳው የታፈነ ከሆነ ቀዳዳው አልገጠመም። «ሲደወልልኝ ሰው አይሰማኝም» ከሚሉት ብዙዎቹ ስልካቸውን ያስፈቱታል፤ ከመፈታቱ በፊት ከቨሩን አውልቆ መደወል ቀላሉ ፈተና ነው።

ፍላሹንም አይዝለሉት። ጨለም ባለ ቦታ በፍላሽ አንድ ፎቶ ያንሱ። ፎቶው ላይ ነጭ ጭጋግ ከታየ የፍላሹ ብርሃን ከከቨሩ ጠርዝ እየተመለሰ ወደ ሌንሱ እየገባ ነው። ይህ ነጭና ብርሃን አሳላፊ ከቨር ላይ ይበዛል፤ የካሜራው ቀዳዳ ዙሪያ ጥቁር የሆነው ይሻላል።

የቻርጀሩን ገመድ ከነከቨሩ ይሰኩ። እስከ መጨረሻው ገብቶ ሳይወዛወዝ መቆም አለበት። የታይፕ ሲ ገመድ መያዣ በመስፈርቱ መሠረት እስከ 12.35 ሚሊ ሜትር ወርድና እስከ 6.5 ሚሊ ሜትር ቁመት ሊኖረው ስለሚችል የከቨሩ ቀዳዳ ወደ 13 በ7 ሚሊ ሜትር ቢሆን ገመድ አይመርጥም። ከዚያ የጠበበ ከሆነ ገመዱ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል፣ ቻርጁ ይቆራረጣል፣ ቀዳዳውም ይላላል። ሁሉም ፈተና አልፎ ይህ ብቻ ከቀረው ከቨሩን አውልቀው ከሁለቱም ጎን ትንሽ በምላጭ ማስፋት ይቻላል። ስልኩ ውስጥ እያለ ግን በፍጹም አይቁረጡ።

9. ሙቀትና ማግኔት

በዋየርለስ ቻርጅ የሚሠራ ስልክ ካለዎት ከቨሩ ከ3 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ ይጠንቀቁ፤ ርቀቱ ሲጨምር ቻርጁ ይዘገያል፣ ሙቀቱም ይበዛል። ለመኪና ማቆሚያ ተብሎ ከጀርባ የሚለጠፍ የብረት ሳህን ከዋየርለስ ቻርጅ ጋር አይሄድም፤ ብረቱ ኃይሉን እየወሰደ ይግላል። ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የወጡት አይፎን 12ና አብዛኞቹ ተከታዮቹ ማግሴፍ የሚባል የማግኔት ቀለበት አላቸው፤ ያንን ለመጠቀም ከቨሩም የራሱ ቀለበት ይኑረው፣ አለበለዚያ ቻርጀሩ በደንብ አይያዝም።

የማግኔት መዝጊያ ያለው ከቨር የስልኩን ኮምፓስ ሊያዛባ ስለሚችል የካርታ መተግበሪያው አቅጣጫ ቢስት መጀመሪያ ከቨሩን ይጠርጥሩ። ባለ ጥቁር መስመር የባንክ ካርድም ከማግኔቱ ጋር ተነካክቶ እንዳይውል።

10. ከመክፈልዎ በፊት

የማይገጥም ሆኖ ከተገኘ በስንት ቀን ውስጥ እንደሚቀየርልዎ ከባለሱቁ ጋር ይስማሙ፣ ማሸጊያውንም ያስቀምጡ። የእርስዎ ሞዴል ደሴም ኮምቦልቻም ከሌለ የጻፉትን የሞዴል ቁጥር ለባለሱቁ ትተው ከአዲስ አበባ እንዲያስመጣልዎ ያድርጉ። እስኪመጣ ግላሱ ብቻ ቢኖር ይሻላል፤ «ለጊዜው» ተብሎ የሚገዛ የማይገጥም ከቨር ስልኩ የተጠበቀ ስለሚያስመስል የበለጠ ያዘናጋል።

ማስጠንቀቂያዎች

ብር፣ የፋይዳ ካርድ ወይም ሲም ከከቨሩ ጀርባ አያስቀምጡ። ሁለት ጊዜ የታጠፈ አንድ የብር ኖት እንኳ እንደ ወረቀቱ ሰቅ 4 ድርብ ነው፤ ስልኩን በዚያ ልክ ወደ ፊት ይገፋዋል፣ በ6ኛው እርምጃ የለኩት ትርፍ ቁመት በሙሉ ይጠፋል። ከቨሩም ይለጠጣል፣ ሙቀትም ይታፈናል።

በአዲሱ ከቨር የመጀመሪያውን ቻርጅ ሲያደርጉ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ስልኩን ይዳስሱት። ለመያዝ የማይመች ያህል ከጋለ ከቨሩን አውልቀው ቻርጅ ያድርጉ። በደሴ ብርድ ስልክን ብርድ ልብስ ውስጥ ወይም ትራስ ስር ከነከቨሩ ቻርጅ ማድረግ በጣም አደገኛ ነው፤ ሙቀቱ መውጫ የለውም። ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ በቀን የመኪና ዳሽቦርድ ላይ፣ ፀሐይ ላይ አይተዉት።

ከቨር ውኃ አያስቆምም። በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ስልኩ ከረጠበ ከቨሩን ወዲያው አውልቀው ሁለቱንም ያድርቁ፤ በመካከላቸው የታሰረ ውኃ ወደ ቁልፎቹና ወደ ቻርጀር ቀዳዳው ይሄዳል። ቀዳዳው ሳይደርቅ ቻርጅ አይሰኩ።

በብዛት የሚታዩ ስህተቶች

ወፍራም ሁሉ ጠንካራ ነው ብሎ መግዛት። ጀርባው ወፍሮ ጠርዙ ከስክሪኑ እኩል የሆነ ከቨር ሞልቷል፤ ክብደት ጨመረ እንጂ ስክሪኑን አላዳነም። ክብደቱ ራሱ ሲወድቅ ምቱን ይጨምራል።

ስልኩን ቤት ትቶ ከቨር መግዛት፣ ወይም ልጅ ልኮ ማስገዛት። 5ኛው፣ 6ኛውና 8ኛው ፈተናዎች ስልኩ ከሌለ አይሠሩም።

ከስልኩ ጋር በካርቶኑ ውስጥ የመጣውን ከቨር ሳይፈትኑ ዓመት መጠቀም። አንዳንዱ ጥሩ ነው፣ ብዙው ግን በጣም ቀጭን ነው። እሱንም በወረቀቱ ይለኩት፣ ካለፈ ሌላ ለመግዛት አይቸኩሉ።

ከቨሩን አንዴ አልብሶ ጨርሶ አለማውለቅ። ቢያንስ በሳምንት አንዴ፣ ፋብሪካ ለሚውል ደግሞ በየሁለት ሦስት ቀኑ ይውለቅና ውስጡ ይጠረግ። ቲፒዩና ሲሊኮን ለብ ባለ ውኃና በጥቂት ፈሳሽ ሳሙና በለስላሳ ብሩሽ ይታጠባል። በረኪና አይንካው፣ ፀሐይ ላይም አይሰጣ፣ ቢጫ መሆኑን ያፋጥነዋል። ጥላ ላይ ሙሉ ለሙሉ ደርቆ ይመለስ። ቆዳ ያለው በደረቅ ጨርቅ ብቻ ይወለወል።

ከቨሩ መቼ ይቀየር?

ማዕዘኑ ላይ ስንጥቅ ካለ፣ የጎኑ መሐል በአውራ ጣት ሲገፋ የሚላቀቅ ከሆነ፣ ወይም ጠርዙ ተበልቶ 4 ድርቡን ወረቀት ካላለፈ ጊዜው ደርሷል። ስልኩ በኃይል ከወደቀ ደግሞ ከላይ ደህና ቢመስልም ከቨሩን አውልቀው አራቱንም ማዕዘን ከውስጥ ይዩ፤ የአየር ኪሱ ከተቀደደ ወይም ቅርጹን ከለቀቀ ያ ማዕዘን ሁለተኛ ምት አይችልም። ግላሱ ላይ ትንሽም ብትሆን ስንጥቅ ካለች አብረው ይቀይሩት።